ድረ ገጻችሁ ሲንቀራፈፍ፦ ሰርቨር መቀየር፣ ካሽ መጨመር ወይስ ፎንት መተው?

ብዙ የድረ ገጽ ባለቤቶች ገጻቸው መንቀራፈፉን ሲያዩ መጀመሪያ የሚያስቡት ሆስቲንግ (ገጹ የሚቀመጥበትን የኪራይ ሰርቨር) መቀየርን ነው። ገንዘብ ይከፍላሉ፣ ፋይሎቻቸውን ያዛውራሉ፣ ከዚያ ገጹ እንደበፊቱ ይጎተታል። ችግሩ ሰርቨሩ ጋ አልነበረማ! ፎቶው ወይም ፎንቱ ወይም አናቱ ላይ የተጫነው ማስታወቂያ ጋ ነበር።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ገጻቸውን በወርድፕሬስ ሠርተው በአማርኛ ለሚጽፉ ሰዎች ነው። አንባቢያቸው ከፊሉ አገር ቤት፣ ከፊሉ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ነው። የዜና ገጽ ሊሆን ይችላል፣ መጽሔት ሊሆን ይችላል፣ የጤና ምክር የሚሰጥ ብሎግም ሊሆን ይችላል። ያሉትን አማራጮች አነጻጽራለሁ፤ እኔ የትኛውን እንደምመርጥም በግልጽ እናገራለሁ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጎግል ፍጥነትን ምን ያህል ያያል?

ያያል፣ ግን ከሁሉም አስቀድሞ አይደለም። ፍጥነት ለኮምፒውተር ፍለጋ መመዘኛ የሆነው በ2010 ነው። ለስልክ ፍለጋ ደግሞ በ2018 ገባ። በ2021 ጎግል ኮር ዌብ ቫይታልስ የሚላቸውን ሦስት መለኪያዎች ደረጃ አሰጣጡ ውስጥ ጨመረ።

የመጀመሪያው ኤልሲፒ ይባላል። በስክሪኑ ላይ ትልቁ ነገር፣ ማለትም ዋናው ፎቶ ወይም ዋናው አንቀጽ፣ እስኪታይ የሚፈጀውን ጊዜ ይለካል። ከ2.5 ሰከንድ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ሁለተኛው አይኤንፒ ነው። አንባቢው የሆነ ነገር ሲነካ ገጹ ምን ያህል ቆይቶ መልስ እንደሚሰጥ ያያል፤ ልኩ 200 ሚሊሰከንድ ነው። ይሄኛው በመጋቢት 2024 የድሮውን ኤፍአይዲን ተክቶ የገባ ነው። ስለዚህ አሁንም ስለ ኤፍአይዲ የሚያወራ ምክር ካገኛችሁ ጊዜው አልፎበታል። ሦስተኛው ሲኤልኤስ ነው። ገጹ እየተከፈተ ሳለ ጽሑፉ ምን ያህል እንደሚዘልና ቦታ እንደሚቀይር ይለካል። ከ0.1 መብለጥ የለበትም።

ጎግል ራሱ ደጋግሞ የሚለው ነገር አለ። የተጠየቀውን በደንብ የሚመልስ ገጽ ቀርፋፋ ቢሆንም ከፈጣን ባዶ ገጽ በላይ ሊቀመጥ ይችላል። ፍጥነት የሚያግዘው ተቀራራቢ ይዘት ያላቸው ገጾች ሲፎካከሩ ነው። ስለዚህ ጽሑፋችሁ ደካማ ከሆነ መጀመሪያ ጽሑፉን አስተካክሉ። እኔ ለፍጥነት የምጨነቅበት ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። አንባቢያችን ኢንተርኔት የሚጠቀመው በፓኬጅ ነው። 6 ሜጋባይት የሚመዝን ገጽ ስናቀርብለት ከገዛው ላይ 6 ሜጋባይት እየወሰድንበት ነው። አንድ ዜና ለማንበብ ያን ያህል ማስከፈል ተገቢ አይመስለኝም።

ከመግዛት በፊት መለካት

ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ የሚባለው የጎግል መሣሪያ ነፃ ነው። የገጻችሁን አድራሻ ስታስገቡ ሁለት ክፍል ያለው ውጤት ይሰጣችኋል። የላይኛው ክፍል ባለፉት 28 ቀናት ገጹን የከፈቱ እውነተኛ ሰዎች ያጋጠማቸውን ያሳያል። የታችኛው መሣሪያው ራሱ ያኔውኑ የሚሠራው ሙከራ ነው። መካከለኛ አቅም ያለው አንድሮይድ ስልክና በሰከንድ 1.6 ሜጋቢት ገደማ የሚያወርድ ቀርፋፋ ኔትወርክ አስመስሎ ይፈትናል። ያ ሰው ሁሉ የሚጓጓለት ከ100 የሚሰጥ ነጥብ የሚመጣው ከታችኛው ነው። ለፍለጋ ደረጃ የሚታየው ግን የላይኛው ነው። ስለዚህ 100 ለማግኘት ሌሊት ማደር አያስፈልግም። የታችኛው ክፍል ጥቅሙ ችግሩ የት እንዳለ መጠቆሙ ነው። ገጻችሁ ብዙ ጎብኚ ከሌለው ደግሞ የላይኛው ክፍል ባዶ ይሆናል፤ ያኔ በታችኛው መመራት ግድ ነው።

እዚህ ላይ ለአማርኛ ገጾች በተለይ የሚመለከት ነገር አለ። የላይኛው ቁጥር የሚሰበሰበው ከክሮም ተጠቃሚዎች ብቻ ነው። በአይፎን ክሮም የሚጠቀም ሰው እንኳ አይቆጠርም። በኦፔራ ሚኒ የሚያነብም አይቆጠርም። ሊንኩን ቴሌግራም ውስጥ ነክቶ እዚያው ቴሌግራም ውስጥ የሚያነብም ላይቆጠር ይችላል። አስቡት፤ ሜሪላንድ ያለው አንባቢያችሁ አይፎን ይዞ ከሆነ በፈጣን ኔትወርክ ገጹን በአንድ ሰከንድ ቢከፍትም ለቁጥሩ አይጠቅማችሁም። ጎንደር ላይ በአንድሮይድ ስልክ በክሮም የሚከፍተው ግን ሊቆጠር ይችላል።

ሌላም አለ። ጎግል አማካይ አይወስድም። ከ100 ጉብኝት 75ቱ ልኩን ማለፍ አለባቸው። ስለዚህ ከአንባቢዎቻችሁ ሲሶው አገር ቤት ሆኖ ገጹ እዚያ ከተንቀራፈፈ፣ ውጭ ያሉት ሁለት ሦስተኛው ቢበሩም አታልፉም። ውጤታችሁን የሚወስነው በደካማ ኔትወርክ የሚያነበው ሰው ነው። ከዚህ በኋላ የማነጻጽራቸውን አማራጮች ሁሉ የምመዝነው በእሱ ዓይን ነው።

ምልክቶቹን ለመለየት ብዙ እውቀት አይጠይቅም። ሰርቨሩ የመጀመሪያዋን ምላሽ ለመስጠት ከ0.8 ሰከንድ በላይ ከፈጀ፣ ነገሩ የሆስቲንግ ወይም የካሽ (አንድ ጊዜ የተሠራን ገጽ አስቀምጦ ደጋግሞ የመስጠት) ነው። ምላሹ ፈጥኖ መጥቶ ዋናው ፎቶ ወይም ጽሑፍ ከዘገየ፣ የፎቶ ወይም የፎንት ነው። ሁሉም ታይቶ ስትነኩት ዝም ካለ፣ ጃቫስክሪፕት፣ ማለትም ገጹን የሚያንቀሳቅሰው ኮድ፣ በዝቷል። ጽሑፉ እየዘለለ ካስቸገረ ደግሞ መጠናቸው ያልተገለጸ ፎቶዎች ወይም ዘግይተው የሚገቡ ማስታወቂያዎች አሉ ማለት ነው።

ሰርቨሩ የት ይቀመጥ?

ሦስት አማራጭ አለ፦ አዲስ አበባ፣ አውሮፓ፣ አሜሪካ።

ርቀት በቀላሉ የሚታይ ነገር አይደለም። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደርሶ መልሱ በወረቀት ላይ 50 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃል። ዋሽንግተን ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ከ110 ሚሊሰከንድ በላይ ነው። በተግባር ግን ገመዱ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት መረጃው በጅቡቲ ወይም በሌላ ጎረቤት አገር በኩል ወጥቶ ነው የባሕር ውስጥ ኬብል የሚያገኘው። ስለዚህ ትክክለኛው ጊዜ ከዚህ በብዙ ይበልጣል። በዚያ ላይ አንድ ገጽ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ደርሶ መልሱ አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ግንኙነቱን ለመክፈት አንድ፣ ምስጠራውን ለመስማማት ቢያንስ አንድ፣ ገጹን ለመጠየቅ ሌላ አንድ ያስፈልጋል። አሜሪካ ያለ ሰርቨር ገና ምንም ሳያሳይ ብዙ ጊዜ የሚበላው ለዚህ ነው።

አገር ውስጥ ማስቀመጥ ለአገር ቤት አንባቢ የቅርቡ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም የሆስቲንግ አገልግሎት ይሰጣል፤ አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥም እንደ ራክሲዮና ዊንጉ ያሉ የግል ዳታ ሴንተሮች ገብተዋል። በብር መክፈል መቻሉም ቀላል ነገር አይደለም። የውጭ ምንዛሪ ካርድ የሌለው ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ግን ሁለት ነገር አስቡ። አንደኛ፣ የጎግል ሮቦት ገጻችሁን የሚጎበኘው በአብዛኛው ከአሜሪካ ነው፤ የአገሪቱ ኢንተርኔት ከውጭ ሲቆረጥ ሮቦቱም ውጭ ያለው አንባቢም ገጹን አያገኙትም። በ2020 ክረምት ላይ ኢንተርኔት ሦስት ሳምንት ገደማ ተቋርጦ እንደነበር የሚረሳ የለም። ሁለተኛ፣ በብር የሚሸጥ ሆስቲንግ ሁሉ አዲስ አበባ የተቀመጠ አይደለም። ጀርመን ወይም አሜሪካ ያለ ሰርቨር ላይ ቦታ ተከራይተው መልሰው የሚያከራዩ አሉ። ይህ ነውር የለውም። ነገር ግን ከመክፈላችሁ በፊት "ሰርቨሩ በአካል የት አገር ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ጥርት ያለ መልስ ካላገኛችሁ ሌላ ፈልጉ።

የኔ ምርጫ፦ አንባቢያችሁ አገር ቤትም ውጭም ካለ አውሮፓ። ለአዲስ አበባም ለባሕረ ሰላጤው አገሮችም ለእስራኤልም ከአሜሪካ ይቀርባል፤ ለአሜሪካ አንባቢም ብዙ አይርቅም። አንባቢያችሁ ከሞላ ጎደል ሁሉም አገር ውስጥ ከሆነ፣ ለምሳሌ የአንድ ከተማ የትምህርት ቤት ወይም የክሊኒክ ገጽ ከሆነ፣ አገር ውስጥ ያለውን ምረጡ። አሜሪካን የምመክረው አንባቢው በሙሉ እዚያ ላለ ሰው ብቻ ነው። ላሊበላ ሆኖ በእንግሊዝኛ ገጽ ለጀርመንና ለፈረንሳይ ቱሪስት ጉዞ የሚያዘጋጅ ድርጅት ደግሞ ሳያመነታ አውሮፓ ያስቀምጥ። ደንበኛው የሚኖረው እዚያ ነው።

የጋራ ሆስቲንግ ወይስ የራስ ቪፒኤስ? ቪፒኤስ ለእናንተ ብቻ የተከለለ የሰርቨር ክፍል ነው፤ ፈጣን ነው፣ ግን ጠባቂ ይፈልጋል። ማደሻውን፣ ደኅንነቱን፣ ባክአፑን የሚከታተል ሰው ከሌላችሁ ጥሩ የጋራ ሆስቲንግ ላይ ጥሩ ካሽ ማድረግ ይሻላል።

ሲዲኤን ይህን ሁሉ አይፈታም?

በከፊል። ሲዲኤን የገጻችሁን ቅጂ በዓለም ዙሪያ ባሉ ከተሞች አስቀምጦ ለአንባቢው ከሚቀርበው ቦታ ይሰጠዋል። ክላውድፍሌር ነፃ አማራጭ ስላለው አብዛኛው ሰው ከእሱ ይጀምራል፣ እኔም እሱን እመክራለሁ።

ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ክላውድፍሌር በነባሪ አቀማመጡ ካሽ የሚያደርገው ፎቶዎችን፣ የስታይል ፋይሎችንና ጃቫስክሪፕትን ነው። ዋናውን ገጽ፣ ማለትም ጽሑፉን የያዘውን ፋይል አያስቀምጥም። እሱ በእያንዳንዱ ጥያቄ ሰርቨራችሁ ድረስ ሄዶ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ ክላውድፍሌር ካስገባችሁ በኋላ የመጀመሪያው ምላሽ እንደበፊቱ ቢዘገይ አትገረሙ። ገጹም እንዲቀመጥ የካሽ ደንብ መጻፍ ወይም ለወርድፕሬስ የተዘጋጀውን ኤፒኦ የሚባል አገልግሎት በወር 5 ዶላር መግዛት ያስፈልጋል። በቀን ጥቂት ጽሑፍ ለሚያወጣ መጽሔት ይህ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። አባላት በይለፍ ቃል ለሚገቡበት ገጽ ወይም ለኦንላይን ሱቅ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአንዱን ሰው ቅርጫት ለሌላው ማሳየት አትፈልጉም።

የትኛው ከተማ አንባቢያችሁን እያስተናገደ እንደሆነም አረጋግጡ። የሲዲኤን ድርጅት ካርታ ላይ ጎረቤት ከተማ ስላለ ብቻ አንባቢያችሁ በዚያ ያልፋል ማለት አይደለም። መንገዱን የሚወስነው የቴሌኮም ድርጅቱ ግንኙነት ነው። ክላውድፍሌር በሚልከው ምላሽ ላይ ያስተናገደውን ከተማ በሦስት ፊደል የአውሮፕላን ማረፊያ ኮድ ይጽፋል። አዲስ አበባ ያለ ወዳጃችሁ በኢትዮ ቴሌኮምም በሳፋሪኮምም መስመር ከፍቶ እንዲያይላችሁ ለምኑት። ሁለቱ የተለያየ መልስ ሊሰጡ ይችላሉ።

የካሽ ፕለጊን

እዚህ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ወርድፕሬስ ሰው በመጣ ቁጥር ገጹን ከዳታቤዝ አንስቶ እንደ አዲስ ይሠራዋል። ካሽ ፕለጊን፣ ማለትም ወርድፕሬስ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም፣ አንድ ጊዜ የተሠራውን አስቀምጦ ደጋግሞ ይሰጣል። ከዚህ በላይ በትንሽ ድካም ብዙ የሚያስገኝ ነገር የለም።

ሆስቲንጋችሁ ላይትስፒድ ሰርቨር የሚጠቀም ከሆነ ላይትስፒድ ካሽን ጫኑ። ነፃ ነው፣ ከሰርቨሩ ጋር ስለሚተባበርም ኃይለኛ ነው። ሰርቨሩ ሌላ ዓይነት ከሆነ ግን ዋናው ጥቅሙ ይቀራል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሆስቲንግ ድርጅቱን ጠይቁ። ሌላ ሰርቨር ላይ ላለ ሰው ደብሊውፒ ሱፐር ካሽ ነፃና ቀላል ነው፤ አብርቶ መተው ይቻላል። ደብሊው3 ቶታል ካሽ ብዙ ማስተካከያ አለው፤ ለሚያውቅ ጥሩ ነው፣ ለማያውቅ ግን ያደናግራል። ደብሊውፒ ሮኬት በየዓመቱ ይከፈልበታል፤ ካሽ ብቻ ሳይሆን የስክሪፕቶችን ጭነት የማዘግየት ሥራም ስለሚሠራ ለከበደ ገጽ ዋጋውን ያወጣል። ሁለት ካሽ ፕለጊን አንድ ላይ አትጫኑ። ይጣላሉ።

ፎንት፦ የአማርኛ ገጽ የራሱ ጉዳይ

ስለ ፍጥነት በእንግሊዝኛ የተጻፉ ምክሮች ለላቲን ፊደል የተጻፉ ናቸው። ለኛ ነገሩ ወዲህ ነው።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። በተለመደው የዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ አንድ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ የላቲን ፊደል ግን 1 ባይት። ይህን የሰሙ አንዳንዶች የአማርኛ ጽሑፍ ከባድ ነው ብለው ይሰጋሉ። ስጋቱ መሠረት የለውም። 5 ሺህ ፊደል ያለው ረዘም ያለ ጽሑፍ 15 ኪሎባይት ያህል ነው፣ ሰርቨሩ ጨምቆ ሲልከው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። አንድ ትንሽ ፎቶ ከዚህ በላይ ይመዝናል። የሚከብደው ፎንቱ ነው። ላቲን በጥቂት ደርዘን ፊደላት ሥራውን ይጨርሳል። የኛ ፊደል ግን ከነሰባት ቤቱ፣ ከነዲቃሎቹ፣ ከነቁጥሩና ከነነጥቡ ከሦስት መቶ በላይ ቅርጽ አለው። እያንዳንዱ ቅርጽ ፎንቱ ውስጥ ተስሎ መቀመጥ አለበት። አንዱን ለተራ ጽሑፍ፣ ሌላውን ለደማቅ ስትጭኑ በእጥፍ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ፎንቱ ከጽሑፉ በብዙ እጥፍ ይከብዳል።

አማራጮቹ እነዚህ ናቸው።

አንደኛው በአንባቢው ስልክ ላይ ቀድሞ ያለውን ፎንት መጠቀም ነው። አንድሮይድ የኖቶ ኢትዮፒክ ፎንት ይዞ ይመጣል። አይፎንና ማክ ከፋ የሚባለው አላቸው። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ኢብሪማ አለ። በዚህ መንገድ የሚወርድ ነገር የለም፤ ጽሑፉ ወዲያው ይታያል፣ አይዘልም። ጉዳቱ ገጻችሁ በየስልኩ የተለያየ መልክ መያዙ ነው።

ሁለተኛው ከጎግል ፎንትስ መሳብ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ እዚያ አሉ። ለመጫን ቀላል ነው። ግን አንባቢው ከሌላ አድራሻ ጋር አዲስ ግንኙነት መክፈት አለበት፤ ያም ሌላ ደርሶ መልስ ነው። ድሮ "ሌላ ገጽ ላይ አውርዶት ከሆነ ድጋሚ አይወርድም" ይባል ነበር። ይህ ከ2020 ወዲህ አይሠራም። ክሮም የእያንዳንዱን ድረ ገጽ ካሽ ለየብቻ ማስቀመጥ ጀምሯል፤ ስለዚህ እናንተ ጋ ሲመጣ እንደ አዲስ ያወርዳል።

ሦስተኛው ፎንቱን አሳንሶ በራስ ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ ነው። ፎንቱ ዎፍ2 ወደሚባል የተጨመቀ የፎንት ፎርማት ይቀየራል፣ የማትጠቀሙባቸው ፊደላት ይወጣሉ። በአማርኛ ብቻ የምትጽፉ ከሆነ ለሌሎች ቋንቋዎች የተጨመሩትን የግዕዝ ፊደላት ማውጣት ይቻላል። ግን አደራ፣ አራት ነጥብን፣ ነጠላ ሰረዝን፣ ድርብ ሰረዝን፣ የግዕዝ ቁጥሮችን፣ እንደ "ቨ" እና "ኧ" ያሉትንም እንዳታወጧቸው። የጉራጊኛ ወይም የብሌን ስሞችን የምትጽፉ ከሆነም የነሱን ፊደላት አትንኩ። በመካከል አንድ ፊደል በሌላ ቅርጽ ብቅ ሲል ገጹ ያስጠላል።

እኔ ለዜናና ለመረጃ ገጽ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፣ ያለ ምንም ማመንታት። ለአካለ ጽሑፉ የስልኩን ፎንት ተጠቀሙ። መልክ የሚያሳስባችሁ ከሆነ ለርዕስ ብቻ አንድ ደማቅ ፎንት በሦስተኛው መንገድ አስቀምጡ። ለሥነ ጽሑፍ መጽሔት፣ የፊደል ውበት ራሱ የሥራው አካል ለሆነበት፣ ሦስተኛውን ሙሉ በሙሉ ብትወስዱ ይገባኛል። ያኔ ግን የፎንቱ ፋይል እስኪደርስ በስልኩ ፎንት እንዲታይ አድርጉ። ስዋፕ የሚባለውን አቀማመጥ ማለቴ ነው። ያለዚያ አንባቢው እስከ 3 ሰከንድ ባዶ ቦታ ሊያይ ይችላል። ስዋፕ በበኩሉ ፎንቱ ሲቀየር ጽሑፉን ትንሽ ያዘልላል። ሁለተኛውን አማራጭ ለመምረጥ ዛሬ በቂ ምክንያት አይታየኝም።

ፎቶ

በስልክ የተነሳ ፎቶ እንዳለ ሲጫን ብዙ ሜጋባይት ነው። አንባቢው ስልክ ላይ የሚታየው ግን ከዚያ ትንሹ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መጠኑን ማሳነስ ነው፤ ፎርማቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ከጄፔግ፣ ከዌብፒና ከኤቪአይኤፍ ዌብፒን ምረጡ። በጎግል ጥናት መሠረት በተመሳሳይ ጥራት ከጄፔግ ከ25 እስከ 34 በመቶ ያንሳል፤ ወርድፕሬስም ከ2021 ጀምሮ ይቀበለዋል። ኤቪአይኤፍ ከዚያም ያንሳል፣ ነገር ግን ለመሥራት ሰርቨሩን ያደክማል፣ የቆዩ ስልኮችም አይከፍቱትም።

ወርድፕሬስ ከ2020 ወዲህ ከታች ያሉ ፎቶዎችን አንባቢው ሲደርስባቸው ብቻ እንዲወርዱ ያደርጋል። ይህ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አንዳንድ ፕለጊኖች ከላይ ያለውን ዋና ፎቶም አብረው ያዘገዩታል። ኤልሲፒው የሚበላሸው እዚህ ነው። የመጀመሪያውን ፎቶ ከማዘግየቱ አውጡት።

አንድ የቆየ ልማድም አለብን። ማስታወቂያን፣ የስብሰባ ጥሪን፣ አንዳንዴም ሙሉ መግለጫን በፎቶ መልክ መለጠፍ። በፓወር ግዕዝ ዘመን፣ ፊደሉ በሰው ኮምፒውተር ላይ ይታይ አይታይ በማይታወቅበት ጊዜ፣ ምክንያት ነበረው። ዛሬ የለውም። ፎቶ ውስጥ ያለ ጽሑፍ ይከብዳል፣ በፍለጋም በወጉ አይገኝም፣ ዓይናቸው ለማያይ ሰዎች ስልኩ አያነብላቸውም። ጽሑፉን ጽሑፍ አድርጋችሁ አውጡት፤ ፖስተሩን ለቴሌግራም ተዉት።

ገጽ መሥሪያውና ተጨማሪዎቹ

ኤሌመንተርና ዲቪ ያለ ኮድ እውቀት ቆንጆ ገጽ ለመሥራት ያስችላሉ። ዋጋው ብዙ ጃቫስክሪፕትና የስታይል ፋይል ነው። ወርድፕሬስ ራሱ ያለው ብሎክ አዘጋጅ እንደ ጄነሬትፕሬስ ካለ ቀላል ቲም ጋር በጣም ያንሳል። ርካሽ ቴክኖ ወይም አይቴል ስልክ ላይ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል፤ ፕሮሰሰሩ ስክሪፕቱን ለማስኬድ ሲታገል ገጹ ሲነካ አይመልስም። ከባዶ ለሚጀምር ሰው ብሎክ አዘጋጁን እመክራለሁ። በኤሌመንተር የተሠራ ትልቅ ገጽ ያለው ግን ከማፍረሱ በፊት ካሹንና ፎቶውን ያስተካክል። ብዙ ጊዜ ያ ይበቃዋል።

የፌስቡክ ገጽ ሳጥን፣ የቴሌግራም ፖስት፣ የዩቲዩብ ቪዲዮ ሲለጠፉ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ስክሪፕት ይዘው ይመጣሉ። የፌስቡክ ሳጥኑን በተራ ሊንክ ተኩት። ቪዲዮውን በፎቶ ተኩትና ሰው ሲነካው ብቻ እንዲወርድ አድርጉ። ማስታወቂያ ካለ ቦታውን አስቀድማችሁ በቁመት ከልሉለት፤ አለበለዚያ ሲመጣ ጽሑፉን ወደ ታች ይገፋዋል፣ አንባቢውም ሳይፈልግ ማስታወቂያውን ይነካል።

ኤኤምፒን፣ ማለትም ጎግል ያመጣውን ለስልክ የቀለለ የገጽ አሠራር፣ የሚመክር ሰው አሁንም አለ። በ2015 ሲመጣ የጎግል ከፍተኛ ዜናዎች ውስጥ ለመግባት ያስፈልግ ነበር። ከ2021 ጀምሮ ግን ያ ግዴታ ተነሥቷል። ዛሬ አትጀምሩት።

ገንዘብና ጊዜ አጭር ለሆነበት

በጀት ለሌለው ብሎገር ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ፎቶዎቹን አሳንስ፣ ፎንቱን ተው፣ አንድ የካሽ ፕለጊን ጫን፣ ነፃውን ክላውድፍሌር አስገባ። አንድም ብር ሳይወጣ አብዛኛው ችግር ይቃለላል። ሰርቨሩ ከዚህ ሁሉ በኋላ አሁንም ከ0.8 ሰከንድ በላይ ከዘገየ ያኔ ሆስቲንግ መቀየር ተገቢ ነው።

በቀን ብዙ ዜና ለሚያወጣ ገጽ ገንዘቡ ካለ መጀመሪያ አውሮፓ ያለ ጥሩ ሆስቲንግ፣ ቀጥሎ ሙሉ ገጹን የሚያስቀምጥ ሲዲኤን ይግባለት። ከዚያ የማስታወቂያ ስክሪፕቶቹን አንድ በአንድ እየነቀላችሁ ለኩ። ብዙ ጊዜ አንዷ ብቻ ናት ሁሉን የምታበላሸው። በዚህ ጉዳይ ከማስታወቂያ ክፍሉ ጋር መከራከር ሊያስፈልግ ነው፤ ቁጥሩን ይዛችሁ ሂዱ።

ኦንላይን ሱቅ ካላችሁ ከካሹ ላይ የቅርጫት፣ የክፍያና የመለያ ገጾችን አስወጡ። ዉኮሜርስን (የወርድፕሬስ የሱቅ ፕለጊን) የሚያውቁ ፕለጊኖች ይህን በራሳቸው ያደርጋሉ፣ ግን በሁለት ስልክ ሞክራችሁ አረጋግጡ።

ለውጥ ስታደርጉ አንድ በአንድ አድርጉ፤ አራቱን ባንድ ቀን ካደረጋችሁ የትኛው እንደጠቀመ አታውቁም። የታችኛው የሙከራ ክፍል ለውጡን ወዲያው ያሳያል። የላይኛው ግን የ28 ቀን ድምር ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚንቀሳቀሰው። ሰርች ኮንሶል በሚባለው የጎግል መሣሪያ ውስጥ ኮር ዌብ ቫይታልስ በሚለው ክፍል መስተካከሉ እንዲረጋገጥ ጠይቁ፤ ጎግል ከዚያን ቀን ጀምሮ 28 ቀን ይከታተላል። እስከዚያ ድረስ በየማለዳው ደረጃችሁን እየፈለጋችሁ አትጨነቁ። አገር ቤት ያለ አንባቢ ገጹን በሞባይል ዳታ ከፍቶ ስንት ሰከንድ እንደጠበቀ ጠይቁት፤ ያ መልስ ከጎግል ቀድሞ ይደርሳችኋል።